የሸመደድነው ቃል የት ይገባል?

የባዕድ ቋንቋ ቃላትን ስለ ማጥናት፣ ስለ ማስታወስና ስለ ማስተማር



ባለፈው የማስተማር ልምምድ ጊዜ ከመካከላችን አንዱ በ4ኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ትምህርት ላይ ሃያ አምስት ቃላት ከነአማርኛ ፍቻቸው በጥቁር ሰሌዳ ጻፈ። ልጆቹ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ተከተሉት፤ በደብተራቸውም ገለበጡ። በማግስቱ ሲጠየቁ ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች እንደ ውሃ አወረዱት። እኛም ከኋላ ወንበር ተቀምጠን ማስታወሻ የምንይዝ ጓደኞቹ «ጥሩ ትምህርት ነበር» ብለን መዘገብን።

በሳምንቱ አሠልጣኛችን ወደዚያው ክፍል ገቡ። ከዝርዝሩ መካከል አሥራ አራተኛውን ቃል፣ «ብሪጅ» የሚለውን ብቻ ነጥለው «ምን ማለት ነው?» ሲሉ አንዲት ልጅ ጠየቁ። ልጅቱ ዐይኗን ወደ ጣሪያው አንሥታ ከመጀመሪያው ቃል ጀምራ በከንፈሯ መቁጠር ያዘች። ስምንተኛው ላይ ስትደርስ ጠፋባት። እንደገና ጀመረች፤ እንደገና ጠፋባት። በመጨረሻ አንገቷን ደፍታ ተቀመጠች። ከትምህርት ቤቱ ወደ ቤቷ ስትሄድ በየቀኑ ድልድይ ትሻገራለች እኮ!

ያን ዕለት ያፈረችው ልጅቱ ናት፤ ማፈር የሚገባን ግን እኛ ነበርን። ልጅቱ የተባለችውን ሁሉ አድርጋለች፤ ጮኻለች፣ ገልብጣለች፣ ሸምድዳለች። የያዘችው ግን ዜማውን ነው፤ ቃሉን አልያዘችም። ስለሆነም ከዚያ ወዲህ በቡድን ሆነን ስንወያይበትና ስናነብ የሰነበትነውን ዛሬ በዚህ የግድግዳ ጋዜጣ ለማቅረብ ወደናል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ዓ.ም.» ካልተባለ በስተቀር ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ጉዳዩ ለምን ያሳስበናል?

እንደሚታወቀው በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ፣ እንግሊዝኛ ግን ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት እንዲሰጥና በሁለተኛ ደረጃ የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ደነገገ። በሁለተኛ ደረጃ ዛሬም የማስተማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው። እንግዲህ ተማሪው እዚያ ሲደርስ ባዮሎጂውም፣ ጂኦግራፊውም፣ ሒሳቡም የሚመጣለት በእንግሊዝኛ ነው ማለት ነው። ዘር እንዴት እንደሚበቅል ከአባቱ ማሳ ላይ አሳምሮ የሚያውቅ የገበሬ ልጅ፣ ጥያቄው የተጻፈበት ቃል ስለተቆለፈበት ብቻ ዜሮ ያገኛል። ዕውቀቱ እያለው ቁልፉ ጠፋበት። ያንን ቁልፍ ልናስይዘው የሚገባን ደግሞ የአንደኛ ደረጃ መምህራን የምንሆነው እኛው ነን።

መርሳት እንዴት ይሠራል?

«ይህ ተማሪ ጭንቅላቱ ደካማ ነው» ከማለታችን በፊት የሰው ሁሉ ጭንቅላት እንዴት እንደሚረሳ ማወቅ ይበጃል። ይህንን በመጀመሪያ በሥርዓት የመረመረው ሄርማን ኤቢንግሃውስ የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ ነው። ኤቢንግሃውስ የመረመረው ራሱን ነበር። ትርጉም የሌላቸውን ክፍለ ቃላት በዝርዝር እያዘጋጀ በቃሉ ያጠናል፤ ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ያንኑ ዝርዝር እንደገና ያጠናና ሁለተኛው ጥናት ከመጀመሪያው ምን ያህል ድካም እንዳተረፈለት ይለካል። ውጤቱን በ1885 በመጽሐፍ አወጣ።

ያገኘው ውጤት እንደሚከተለው ነው፡-

ከ20 ደቂቃ በኋላ የተረፈለት ድካም 58 በመቶ ያህል፤
ከ1 ሰዓት በኋላ 44 በመቶ ያህል፤
ከ1 ቀን በኋላ 34 በመቶ ያህል፤
ከ6 ቀን በኋላ 25 በመቶ ያህል፤
ከ31 ቀን በኋላ 21 በመቶ ያህል።

እነዚህን ቁጥሮች ደጋግመን እንያቸው። ትልቁ ኪሳራ የደረሰው በወሩ መጨረሻ ሳይሆን በመጀመሪያው ሰዓትና በመጀመሪያው ቀን ነው። ከስድስተኛው ቀን እስከ ሠላሳ አንደኛው ቀን የጠፋው ግን ጥቂት ነው። በርግጥ ትርጉም ያለው ነገር ትርጉም ከሌለው ይልቅ ይቆያል፤ ስለዚህ ቁጥሩን እንዳለ ወደ ክፍላችን አንወስደውም። የመርሳቱ ቅርጽ ግን ያው ነው፤ መጀመሪያ በችኮላ፣ በኋላ በዝግታ። ሰኞ ያስተማርነውን ቃል ለፈተናው ሰሞን ብቻ የምንከልስ ከሆነ በወንፊት ውሃ መቅዳት ሆነብን ማለት ነው።

ማስገባት ብቻውን አይበቃም

ታዲያ መድኃኒቱ ምንድን ነው? «መደጋገም ነዋ!» ትሉ ይሆናል። እኛም በመጀመሪያ ያልነው ይህንኑ ነው። ነገር ግን መደጋገም ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ዝርዝሩን እንደገና ማየት፣ እንደገና ማንበብ፣ እንደገና መጮኽ ነው፤ ይህ ማስገባት ነው። ሁለተኛው ደብተሩን ዘግቶ ቃሉን ከራስ ውስጥ ፈልጎ ማምጣት ነው፤ ይህ ማውጣት ነው።

የሁለቱን ልዩነት በግልጽ ያሳየ አንድ ጥናት በ2008 ታትሟል። ጄፍሪ ካርፒክና ሄንሪ ሮዲገር የተባሉ ተመራማሪዎች ለአሜሪካ የኮሌጅ ተማሪዎች 40 የስዋሂሊ ቃላት ከነእንግሊዝኛ ፍቻቸው ሰጧቸው። ተማሪዎቹ በአራት ቡድን ተከፈሉ። አንድ ቃል አንድ ጊዜ ከታወቀ በኋላ አንዳንዶቹ ቡድኖች ያንን ቃል መጠየቃቸው ቀጠለ፤ ሌሎቹ ግን «አውቀኸዋል» ተብለው መጠየቁ ቀረባቸው። ከመጠየቅ ከቀሩት አንደኛው ቡድን ቃሉን እያየ ማጥናቱን ቀጥሎ ነበር። በሳምንቱ ሁሉም ተፈተኑ። መጠየቁ የቀጠለላቸው 80 በመቶ ያህል ሲያስታውሱ፣ መጠየቁ የቀረባቸው ግን ሲሶውን ወይም ከዚያ ጥቂት ከፍ ያለውን ብቻ አስታወሱ። እያዩ ማጥናቱ የቀጠለላቸውም ቢሆኑ ያ ጥናት አልረዳቸውም ማለት ይቻላል።

ከዚህ ሁሉ የገረመን ሌላ ነው። ተማሪዎቹ ከፈተናው በፊት «ስንቱን የምታስታውሱ ይመስላችኋል?» ተብለው ሲጠየቁ፣ የአራቱም ቡድን ግምት ተቀራራቢ፣ ግማሽ ገደማ ነበር። ይኸውም ሰው የራሱን ማስታወስ በስሜቱ መገመት አይችልም ማለት ነው። ደብተራችንን ገልጠን ስናነብ ቃሉ ሁሉ የምናውቀው ይመስለናል፤ ያወቀው ግን ደብተሩ ነው!

ይህ ለእኛ አዲስ ነገር ነው ወይ?

በውይይታችን ላይ ከጓዶቻችን አንዱ የቄስ ትምህርት የቀመሰ ነበርና «ይህማ በአገራችን የቆየ ነገር ነው» ሲል ተነሣ። ያስረዳንም እንደሚከተለው ነው።

ግዕዝ ለብዙ መቶ ዓመታት የማንም የአፍ መፍቻ ቋንቋ አይደለም። ስለዚህ በአብነት ትምህርት ቤት የሚማረው ሁሉ ግዕዝን የሚማረው እንደ ሁለተኛ ቋንቋ ነው። በንባብ ቤት ልጁ ፊደልና አቡጊዳ ቆጥሮ እስከ ዳዊት ይደርሳል። ዳዊትን ደግሞ ደጋግሞ ከማንበቡ የተነሣ ብዙውን በቃሉ ይዞት ይገኛል። ሆኖም ከመካከሉ አንድ ቃል ነጥላችሁ ፍቺውን ብትጠይቁት አብዛኛውን ጊዜ አያውቅም። በዚያ ደረጃ የሚፈለግበት ንባቡ ነውና አይፈረድበትም።

ያው ልጅ አድጎ ቅኔ ቤት ሲገባ ግን ነገሩ ይለወጣል። ግሡን «ቀተለ»ን፣ «ቀደሰ»ን በመሳሰሉ ስምንት አርእስት ሥር እየመደበ ከነፍቺው፣ ከነርባታው ያጠናል። በዚህ ብቻ አይቆምም። ዕለት ዕለት ራሱ ቅኔ ይቆጥራል። ሁለት ቤት ካለው ጉባኤ ቃና ይጀምርና ወደ ረጃጅሞቹ ያድጋል። ዛፍ ሥር ወይም ቅጥር ጥግ ብቻውን ተቀምጦ፣ ያጠናውን ግሥ ከልቡ ጓዳ እያወጣ፣ ይገጥምልኛል አይገጥምልኝም እያለ ሲያስብ ይውላል። ከዚያም የቆጠረውን ለየኔታ ይነግራል፤ የኔታም ያርሙታል። መጽሐፍ ገልጦ አይደለም፤ በቃሉ ነው። እንግዲህ ቅኔ ቤት ያለው ተማሪ ቃሉን ያወቀው በየቀኑ እንዲያወጣው፣ እንዲያገጣጥመውና እንዲታረም ስለተገደደ ነው።

እንግዲህ ሁለቱን አነጻጽሩ። በእኛ የ4ኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ትምህርት ልጆቹ የነበሩት ንባብ ቤት ነው። ቅኔ ቤት አላደረስናቸውም። የአሜሪካኖቹ ጥናት በቁጥር ያሳየው ነገር የኔታ በሥራ ሲያውቁት የኖሩት ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

የትኛውን ቃል? ስንትስ?

የእንግሊዝኛ ቃል ተቆጥሮ አያልቅም። ይሁን እንጂ ሁሉም እኩል አይሠራም። ማይክል ዌስት በ1953 ባወጣው ዝርዝር 2000 ያህል እጅግ ተዘውታሪ ቃላትን ሰብስቧል። እንደነዚህ ያሉት 2000 ቃላት ከነዘመዶቻቸው በአንድ የትምህርት መጽሐፍ ገጽ ላይ ከሚገኙት ቃላት አምስት ስድስተኛውን ባይሆንም ከአምስት አራቱን ያህል ይሸፍናሉ። ስለሆነም ልጁ «ስለ ዝሆን ኩምቢ» ከመማሩ በፊት «ምክንያት»ን፣ «ለውጥ»ን፣ «ማነጻጸር»ን፣ «መጠን»ን በእንግሊዝኛ ቢያውቅ በየትምህርቱ ሁሉ ይጠቅመዋል።

ሒሳቡም አያስፈራም። በአንድ የትምህርት ቀን 5 ቃል ብቻ በሚገባ ብናስይዝና በዓመቱ 200 የትምህርት ቀን ቢኖር፣ በዓመት 1000 ቃል፣ በሁለት ዓመት 2000 ቃል ይሆናል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ! በአንድ ቀን ሃያ አምስት ጽፎ በሳምንቱ ባዶ እጅ ከመቅረት አምስቱ ይሻላል።

ቃል ማወቅ ማለት ምን ማለት ነው?

«ብሪጅ ማለት ድልድይ» ማለት የቃሉን አንድ ጎን ማወቅ ነው። ሌሎችም ጎኖች አሉት፤ አነባበቡ፣ አጻጻፉ፣ ዘመዶቹና ባልንጀሮቹ። ከእነዚህ ውስጥ የእኛን አገር ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚያሰናክሉትን ሁለቱን ብቻ እናንሣ።

ሀ. ዘመድ። አማርኛ ከአንድ ሥር አያሌ ቃል ያበቅላል። «ተማረ፣ አስተማረ፣ ትምህርት፣ ተማሪ፣ መምህር» ሁሉም የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። በእንግሊዝኛ ግን «ተማረ» «ለርን» ሲሆን «አስተማረ» ሌላ ቃል፣ «ቲች» ነው። «ተበደረ» «ቦሮው» ሲሆን «አበደረ» «ሌንድ» ነው። ተማሪያችን በአማርኛው ዘመድነት ተመርቶ «እስክሪብቶ ቦሮው ሚ» ሲል የምንሰማው ለዚህ ነው። ስንፍና አይደለም፤ የቋንቋው ጠባይ ነው ያሳሳተው። ስለዚህ እንዲህ ያሉትን ጥንዶች ስናስተምር ልዩነቱን አፍ አውጥተን መናገር አለብን። በሌላ በኩል ደግሞ እንግሊዝኛም የራሱ ማብቀያ አለው። «ቲች» ካለ «ቲቸር»፣ «ፋርም» ካለ «ፋርመር» አለ፤ ከፊት «አን» ሲጨመር «ሃፒ» ወደ «አንሃፒ» ይለወጣል። አንዷን ቅጥያ ያወቀ ልጅ አሥር ቃል በነጻ አገኘ ማለት ነው።

ለ. ባልንጀራ። ቃል ብቻውን አይሄድም። እኛ ቡናው «ወፍራም» ነው እንላለን፤ እንግሊዞቹ «ብርቱ» ነው ይላሉ። በአማርኛ ጉንፋን ሰውን ይይዛል፤ በእንግሊዝኛ ግን ሰውየው ጉንፋኑን ይይዘዋል! እንግዲህ «ጉንፋን» ለብቻው፣ «ያዘ» ለብቻው የተማረ ልጅ ሁለቱን ሲያገናኝ የሚያወጣው ነገር አስቂኝ ቢሆን አይፈረድበትም። ስለዚህ ቃሉ ከነባልንጀራው፣ በአጭር ዐረፍተ ነገር ውስጥ ይሰጥ።

በክፍል ውስጥ ምን እናድርግ?

«ስድሳና ሰባ ተማሪ ባለበት ክፍል ይህ ሁሉ እንዴት ይቻላል?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ እናውቃለን፤ ከመካከላችንም ተነሥቶ ነበር። በመሆኑም ገንዘብ የማይጠይቁትን ዘዴዎች ብቻ መርጠናል።

1. የቃላት ከረጢት። መምህሩ አንድ የጨርቅ ከረጢት ያዘጋጅ። ያስተማረውን እያንዳንዱን ቃል በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ከረጢቱ ውስጥ ይክተት። በየክፍለ ጊዜው መጀመሪያ ላይ አምስት ደቂቃ ብቻ፣ እጁን ከቶ ያወጣውን ቃል ይጠይቅ። በመጀመሪያ ሁሉም ተማሪ በዝምታ ያስብ፤ መልሱን በደብተሩ ዳር ይጻፍ፤ ከዚያ በኋላ አንዱ ይጠራ። ስሙ አስቀድሞ ከተጠራ የሚያስበው ያ የተጠራው ብቻ ነው፤ ሌላው ያርፋል። ከረጢቱ ቅደም ተከተል ስለሌለው ዜማ አይሠራም። ያች ልጅ «ብሪጅ»ን ከአንድ ጀምራ ሳትቆጥር ለማግኘት የምትለማመደው እዚህ ነው።

2. የማስታወሻ ቀኖች። ዛሬ የተሰጠ ቃል በዚያው ክፍለ ጊዜ መጨረሻ፣ በማግስቱ፣ በሦስተኛው ቀን፣ በሳምንቱ፣ በወሩ ይጠየቅ። መጀመሪያ ላይ ቀረብ ቀረብ፣ በኋላ ራቅ ራቅ ማለት ነው። ስለ መራራቅ ጥቅም ሃሪ ባሪክ የተባለ የሥነ ልቦና ሊቅ ከሚስቱና ከሁለት ሴት ልጆቹ ጋር ሆኖ፣ አራቱም ራሳቸው ተማሪ በመሆን፣ 300 የባዕድ ቋንቋ ቃላትን ለዓመታት አጥንተዋል። በ1993 ያወጡት ውጤት በ56 ቀን ልዩነት 13 ጊዜ መከለስ፣ በ14 ቀን ልዩነት 26 ጊዜ ከመከለስ ጋር የሚስተካከል ማስታወስ እንደሚሰጥ አሳይቷል። በግማሽ ድካም እኩል ፍሬ! ቤተሰብ ተሰብስቦ እንዲህ ያለ ነገር ማድረጉም ራሱ ደስ ይላል።

3. ተመሳሳዮችን አለማዳበል። ብዙዎቻችን «ሌፍት»ንና «ራይት»ን፣ ወይም የቀለማትን ስም በሙሉ በአንድ ቀን እናስተምራለን። በሥርዓት የተደረደረ ስለሚመስል ለመምህሩ ይመቸዋል። ይሁን እንጂ ቶማስ ቲንካም በ1993 ባወጣው ጥናት በትርጉም የሚቀራረቡ አዲስ ቃላት አንድ ላይ ሲጠኑ እርስ በርስ ስለሚምታቱ ለመያዝ እንደሚያዘገዩ ታይቷል። ስለዚህ ዛሬ «ቀኝ»ን በሚገባ አስይዘን «ግራ»ን በሌላ ሳምንት ብናመጣ ልጁ ቀኝና ግራው አይጠፋበትም።

4. የድምፅ ማንጠልጠያ። አዲሱን ቃል በድምፅ ከሚመስለው ከራሳችን ቃል ጋር በአንድ ሥዕል ማሰር ይቻላል። ሪቻርድ አትኪንሰን ከሥራ ባልደረባው ጋር በ1975 ባወጣው ጥናት፣ 120 የሩስያ ቃላትን በዚህ ዘዴ ያጠኑ ተማሪዎች በፈተናው 72 በመቶ ሲያስታውሱ፣ ያለ ዘዴው ያጠኑት 46 በመቶ አስታውሰዋል። በእኛ ቋንቋ ምሳሌ እንስጥ። በእንግሊዝኛ የበግ ግልገል «ላም» ተብሎ ይነበባል። እንግዲህ አንዲት ላም የበግ ግልገል ስታጠባ በሐሳባችሁ ሣሉ፤ ከእንግዲህ አይጠፋችሁም። «ዌት» እርጥብ ማለት ነው፤ ወጥ የነካው እንጀራ እርጥብ ነው። «ቤል» ደወል ነው፤ ደወሉ ሲደወል «በል ተነሣ!» ይላችኋል። ልጆቹ ራሳቸው ሲፈጥሩት ደግሞ ሳቁም፣ ትዝታውም ይጨምራል። ይህ ግን ማንጠልጠያ ብቻ ነው፤ ለሁሉም ቃል አይገኝም፤ ትክክለኛውን አነባበብም አይተካም።

5. ዕለታዊ ቅኔ። ከክፍለ ጊዜው መጨረሻ ሦስት ደቂቃ ወስደን፣ እያንዳንዱ ልጅ ከዛሬዎቹ ቃላት አንዱን ከትናንቶቹ አንዱን ይዞ የራሱን አጭር ዐረፍተ ነገር ይሥራ። ለአጠገቡ ልጅ ይንገር፤ አጠገቡ ያለው ይረም። መምህሩም እየዞረ ያዳምጥ። ስሕተት ይበዛል፤ ይብዛ። የኔታ ፊት ያልተሳሳተ ባለቅኔ የለም። ልጁ ሲሳሳት የምንስቅበት ወይም የምንቆጣው ከሆነ ግን በሚቀጥለው ቀን አፉን አይከፍትም፤ አፉን ያልከፈተ ልጅ ደግሞ ቃል አያወጣም።

ለራሳችንስ?

እውነቱን እንነጋገር። የእኛም እንግሊዝኛ ብዙ ይቀረዋል። ከመካከላችን መዝገበ ቃላት ከሀ እስከ ፐ እሸመድዳለሁ ብሎ ተነሥቶ ገና ሁለተኛው ፊደል ላይ የቀረ አለ። ለፈተና ዋዜማ ሌሊቱን ሙሉ በሻማ ያደርንም አለን። ፈተናውን ምናልባት አለፍን፤ ቃሉ ግን አብሮን አላለፈም።

ለራሳችን የመረጥነው የካርድ ሣጥን ነው። ዘዴውን በ1972 በመጽሐፍ ያሳወቀው ሰባስቲያን ላይትነር የተባለ የሳይንስ ጋዜጠኛ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። ባዶ የጫማ ካርቶን በወፍራም ወረቀት አምስት ቦታ ይከፈላል። በእያንዳንዱ ካርድ ፊት እንግሊዝኛው፣ በጀርባው አማርኛውና አንድ ዐረፍተ ነገር ይጻፋል። አዲስ ካርድ ሁሉ አንደኛው ክፍል ውስጥ ይገባል። ፊቱን አይተን መልሱን ከራሳችን ካወጣን በኋላ እንገለብጠዋለን። ካወቅነው ወደሚቀጥለው ክፍል ይሻገራል፤ ካላወቅነው የትም ክፍል ይሁን ወደ አንደኛው ይመለሳል። አንደኛው ክፍል በየቀኑ፣ ሁለተኛው በየሁለት ቀኑ፣ ሦስተኛው በየሳምንቱ፣ አራተኛው በየሁለት ሳምንቱ፣ አምስተኛው በየወሩ ይታያል። ይህን የቀን አከፋፈል ለእኛ ጊዜ እንዲስማማ ያደረግነው እኛ ነን፤ እናንተም እንደሚመቻችሁ አድርጉት። ጥቅሙ የታወቀው ቃል ጊዜያችንን እንዳይበላ፣ አስቸጋሪው ደግሞ እንዳይሸሸን ማድረጉ ነው። አንዳንድ ጊዜም ካርዱን ከጀርባው፣ ከአማርኛው በኩል ጀምሩት። አይቶ ማወቅና አስቦ መናገር የተለያዩ ናቸውና።

ጓደኛ ያለው ደግሞ ካርዱን ይለዋወጥ። ወደ ምግብ አዳራሽ ስንሄድ፣ ሰልፍ ስንጠብቅ፣ አንዱ ይጠይቅ ሌላው ይመልስ። አሥር ደቂቃ በቀን ካለማቋረጥ፣ በወር አንድ ቀን ከሚደረግ የሌሊት ዘመቻ ይበልጣል። ከጥናት በኋላም እንተኛ፤ እንቅልፍ የተማሩትን ለማጽናት ይረዳል እንጂ አይሰርቅም።

ማጠቃለያ

«መጽሐፉ አያልቅልንም፤ ለክለሳ ጊዜ የለንም» የሚል ቅሬታ በየልምምድ ትምህርት ቤቱ ሰምተናል። ቅሬታው እውነትነት አለው፤ ምዕራፉ ብዙ፣ ክፍለ ጊዜው አጭር ነው። ነገር ግን መጽሐፉ አልቆ ልጁ ባዶ ከቀረ ያለቀው ምንድን ነው? አምስት ደቂቃ ለከረጢቱ፣ ሦስት ደቂቃ ለዕለታዊው ቅኔ፣ በድምሩ ስምንት ደቂቃ ነው። ስምንት ደቂቃ የነፈግነው ትምህርት ከዓመት በኋላ እንደገና ከሀሁ ያስጀምረናል።

ያችን ልጅ በልምምዱ የመጨረሻ ሳምንት እንደገና አገኘናት። ጓደኛችን ከረጢት ሰፍቶ ሦስት ሳምንት ሠርቶበት ነበር። የወጣው ወረቀት «ሪቨር» የሚል ነበር፤ እሷም ተራዋ ደርሶ ተነሣች። ጣሪያውን አላየችም። «ዘ ብሪጅ ኢዝ ኦን ዘ ሪቨር» አለች። አሠልጣኛችን «ኦን» የሚለውን «ኦቨር» ብለው አረሙላት፤ እሷም ደግማ አስተካክላ ተናገረችና ተቀመጠች። ያልተጠየቀችውን «ብሪጅ» ራሷ አመጣችው! እኛም በዚያ ቀን ማስታወሻችን ላይ «ጥሩ ትምህርት ነበር» ብለን ስንጽፍ አላፈርንም።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ባለፈው ሳምንት በክፍላችሁ ከተማራችኋቸው አዳዲስ የእንግሊዝኛ ቃላት፣ ደብተራችሁን ሳትገልጡ ስንቱን መጻፍ ትችላላችሁ? አሁኑኑ እዚሁ ቆማችሁ ሞክሩት።

2. እንደ «ተበደረ» እና «አበደረ» በአማርኛ ወይም በየአፍ መፍቻ ቋንቋችሁ ዘመድ ሆነው በእንግሊዝኛ የሚለያዩ ሌሎች ጥንዶችን ፈልጉ።

3. አንድ የድምፅ ማንጠልጠያ ፍጠሩና ከዚህ ጋዜጣ ሥር ባለው ባዶ ወረቀት ላይ ጻፉልን፤ ጥሩ ጥሩዎቹን በሚቀጥለው እትም እናወጣቸዋለን።

አሠልጣኞቻችንም ሐሳባችንን ብታርሙልን ደስ ይለናል። ሳይታረም የቀና የለምና።